ወደ ግራ የተኛው ቋጠሮ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ወገብህን ተሻለህ ወይስ ያንን ሰፊ ቀበቶ አሁንም እንደታጠቅክ ነህ? ባለቤትህ ደኅና ናት? ልጆቹስ? ትልቋ ፈተናዋን አለፈች ሲሉኝ ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል ብዬ ጎረቤት ምን ሆነች ብሎ በር አንኳኳ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ ማለቴ ነው። ጭንቅላቴ ግን እንደተዘበራረቀ ክር ሆኖብኛል፤ ውሉን ያዝኩት ስል ሌላ ቋጠሮ ይወጣል።

ብደውል አታነሳም። ሥራ ላይ ነው አልኩ። እሑድም ደወልኩ፣ እሑድም ሥራ ላይ ነው ብዬ ተውኩት። ይኸው ጻፍኩ። በፖስታ ግን አልላክሁትም፤ እንዳትቀየመኝ፣ ሰሞኑን በፖስታ ላይ ያለኝ እምነት ሳሳ ብሏል። ወደ እናንተ ከተማ ለሚመላለሰው የአውቶቡስ ሾፌር፣ በራስህ እጅ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬ ነው የሰጠሁት። የምጽፍልህም ምክር ፈልጌ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የፖስታ ጥቅል ስትለይ የኖርክ ሰው ነህ፤ ከአንተ የተሻለ የሚያስረዳኝ ከየት ይመጣል?

አባባ ካረፈ ወዲህ ከልብስ ስፌት ሱቁ የተረፈውን ዕቃ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ በኢንተርኔት እንደምሸጥ ታውቃለህ። ቁልፉ፣ ዚፑ፣ ገበሩ፣ የስፌት መኪናው መለዋወጫ፣ ሁሉም ፈላጊ አለው። መቶ አርባ ሰው ከእኔ ገዝቶ አንድም ቅር ያለው አልነበረም። የምኖረው በዚሁ ነው።

ባለፈው ወር መቀሷን ለሽያጭ አወጣኋት። አዎ፣ እሷኑ፣ የአባባን ትልቋን መቀስ። አልነገርኩህም። አስቤበት ነበር ብልህ ውሸት ነው፣ አላሰብኩበትም ብልህም ውሸት ነው። ዕቃ የተካፈልን ዕለት እኔ ምንም አልፈልግም፣ መኪና ያመልጠኛል ብለህ ባዶ እጅህን ወጣህ። እኔ ደግሞ ቃልህን እንዳለ ወሰድኩት። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ሰው እኮ ካልተናገረ አይታወቅለትም፣ ወንድም ጋሼ!

ደግሞ መቀሷን አባባ ራሱ ነው ለእኔ የሰጠኝ። ጫፍ ማጠፍ እንኳ በወጉ አልችልም፤ ከአንተ የሚለየኝ በቀኝ እጄ መሥራቴ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ልጁ አንተ፣ ከሱቁ የማትጠፋው አንተ፣ ጨርቅ በእጅህ ዳስሰህ ዓይነቱን የምትናገረው አንተ። ግራኝ ሆነህ ተገኘህና፣ ይቺ መቀስ የቀኝ እጅ ናት፣ አንተ ስትይዛት ጨርቁን ታኝከዋለች እንጂ አትቆርጠውም እያለ አላስነካህም። አንድ ጊዜ ተደብቀህ ነካሃት፤ የደንበኛችንን የመምህሩን የሱሪ ጨርቅ ገዝግዘህ አበላሸኸው። ከዚያ ወዲያ ከጠረጴዛው አራቀህ። ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ቆመህ ስታለቅስ አይቼሃለሁ። አይታኛለች ብለህ እንዳታፍር ብዬ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።

የተረፈችህ ሥራ ማሰር ነበረች። ያለቀውን ልብስ በወረቀት ጠቅልለን በሲባጎ እናስር ነበር፣ እኔና አንተ፣ አባባ ባስተማረን ቋጠሮ። ሁለቴ ዞሮ በራሱ ሥር የሚገባ፣ ሲስቡት የሚጠብቅ። ከሦስታችን በቀር የሚችለው ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። የእኔ ጅራቱ ወደ ቀኝ ይተኛል፣ የአንተ ወደ ግራ። ደንበኞቹ እንኳ ጥቅሉን አይተው ይሄ የግራኙ ነው፣ ይሄ የትንሿ ነው ይሉን ነበር። ትዝ ይልሃል?

መቀሷን ሩቅ ከተማ ያለች ልብስ ሰፊ ገዛችኝ። ደስ የምትል ሴትዮ ነበረች፤ እንዲህ ያለ ብረት ድሮ ቀረ ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈችልኝ። ጫፏ እንዳይወጋ ቡሽ ሰካሁባት፣ በዘይት ወረቀት ጠቀለልኳት፣ ካርቶን ውስጥ አድርጌ በሲባጎ አሰርኩ፣ እንደ ልማዴ ፎቶ አነሳሁ። ፖስታ ቤት ሲመዘን አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነ። ደረሰኜን ይዤ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ደወለች። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ካርቶኑን ስትከፍተው በጋዜጣ የተጠቀለለ የቧንቧ ቁራጭ ነው የወጣላት። ወይ መቀሴን ላኪ፣ አለዚያ አጭበርባሪ መሆንሽን ለዓለም እነግራለሁ አለችኝ።

እንግዲህ ፍረደኝ፤ ጥፋቱ የማን ነው? ሴትዮዋ የአንቺ ነው ትላለች። የምሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ሰዎች ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ኃላፊው ሻጩ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ለፖስታ ካስረከብኩ ወዲያ ምን አግብቶኝ እላለሁ። ፖስታ ቤት ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ባለመነጽር መዝገቧን ገልጣ አሳየችኝ። እዚህ ሲነሳ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ፣ እዚያ ሲደርስ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ። ካርቶኑ አልተቀደደም፣ ገመዱ አልተቆረጠም፣ ስለዚህ የጠፋ ነገር የለም አለችኝ። እንዴት የለም? የለችም እኮ! እሷ ግን በወረቀቷ ልክ ነበረች፣ እኔም በእጄ አስሬያታለሁና ልክ ነበርኩ፣ ሴትዮዋም ቧንቧዋን ታቅፋ ልክ ነበረች። ሦስታችንም ልክ ሆነን መቀስ ጠፋች። እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?

ደግሞ ሌባውም ዞረብኝ። የሚሰርቅ ሰው ወስዶ ይሄዳል እንጂ በክብደት እኩል የሚሆን ብረት ፈልጎ፣ መዝኖ፣ ጠቅልሎ፣ መልሶ ያስራል? ሚዛኑንስ ከየት ያመጣል?

ሴትዮዋን ከመክፈትሽ በፊት ያነሳሽው ፎቶ ካለ ላኪልኝ አልኳት። ላከችልኝ። ካርቶኑ የእኔው ነው፣ ሲባጎው የእኔው ነው፣ ቋጠሮው የአባባ ነው። ጅራቱ ግን ወደ ግራ ተኝቷል። አንዳንድ ስልክ ፎቶ ይገለብጣል ብዬ አድራሻውን ተመለከትኩ፤ ጽሑፉ በትክክል ይነበባል። የራሴን ፎቶ አጠገቡ አድርጌ አየሁ። የእኔ ወደ ቀኝ ነው። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። የታጠበውን መልሼ አጠብኩት።

በነጋታው ባለመነጽሯ ማመልከቻ ሰጠችኝ። እስከ ሐሙስ ከሞላሽ ይጣራል፣ ዕቃው ሦስት ቦታ ነው ያለፈው፣ በየቦታው የተረኞቹ ፊርማ አለ፣ አንድ በአንድ ይጠየቃሉ አለችኝ። መካከለኛው ቦታ የእናንተ ማከፋፈያ ነው። እንዲያውም አምና በአንድ ሞባይል የተነሳ የሃያ ዓመት ሠራተኛ ከነጡረታው ተባሯል ብላ አጫወተችኝ። አንተ ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረህ፣ አይደል? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩህ።

ማመልከቻውን ሞላሁት። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ ክብደቱን ጻፍኩ። ማስረጃ ካለ ይያያዝ ይላል፤ ሁለቱን ፎቶዎች አሳትሜ ይዤ ነበር። የሚጠረጥሩት ሰው ካለ የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እስክሪብቶው ቀለም ጨርሶ ነው ብዬ ለባለመነጽሯ ነገርኳት። እሷም ደግ ሰው ናት፣ ሌላ ሰጠችኝ። ሌላውም አልጻፈልኝም። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ማንን እንደምሰድብ ሳላውቅ እየተሳደብኩ። አንተን፣ አባባን፣ ራሴን፣ መቀሷን። ሐሙስም አለፈ።

አርብ ለሴትዮዋ ጻፍኩላት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መቀሷ ከቤታችን አልወጣችም፣ ሐሳቤንም ቀይሬያለሁ፣ ለሽያጭ አይደለችም አልኳት። የከፈለችውን መለስኩላት። የዋሸሁ አይመስለኝም፤ አንተ ምን ትላለህ? እሷ ግን አልማረችኝም፣ አጭበርባሪ ናት ብላ በገጼ አናት ላይ ጻፈችብኝ። የገበያው ሰዎችም ለሦስት ወር ዘጉኝ። ባለመነጽሯ ስትሰማ በሰው ጥፋት ምን አስገባሽ ብላ ተቆጣችኝ። ሳቅሁ። አሁን ለጎረቤት ሱሪ እያሳጠርኩ ነው፤ ስፌቴን ብታየው ትስቅብኛለህ።

ይኸውልህ፣ አሁንም መናደድ እንዳለብኝ ወይስ ይቅርታ መጠየቅ አላወቅሁም። አንዱን ቀን እናደዳለሁ፣ አንዱን ቀን መጋረጃው ትዝ ይለኛል። ሁለቱም ልክ ነው መሰለኝ። ሳልጠይቅህ ማውጣቴን ግን ይቅር በለኝ።

ትናንት መሳቢያ ሳጸዳ የመቀሷን የቆዳ ሰገባ አገኘሁት። አብሬ ማሸጉን ረስቼው ኖሯል። ያለ እሷ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፣ አንተ ዘንድ ይቀመጥ። ደግሞ ሥራ ስፈታ ምን አነበብኩ መሰለህ፤ ግራኝ ሰው የቀኝ መቀስ ሲይዝ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ መሳብ፣ ሌሎቹን ጣቶች ወደ ውጭ መግፋት ነው አሉ። ያን ጊዜ ጨርቁን አታኝክም። አባባ ይህን አያውቅም ነበር። ቢያውቅ ኖሮ ያሳይህ ነበር ብዬ ነው የማምነው። ብሎኗ ቶሎ ይደርቃል፤ በየወሩ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃታል።

ፈጣሪ ወገብህን ያበርታልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ጡረታህንም በሰላም ያስጨብጥህ። ባለቤትህን ልጆቹን ሳሚልኝ ብላሻለች በላት። ስደውል ደግሞ አንሳ፤ ስለ መቀስ አላወራህም።

ታናሽ እህትህ፣
ትንሿ

ተጨማሪ፦ ሰገባውን ያሰርኩት በግራ እጄ ነው፣ አራቴ ፈትቼ። ጠማማ ቢሆን አትሳቅብኝ። ያንን እኔ ያነሳሁትን የጥቅሉን ፎቶ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ፣ የታተመውንም ከማመልከቻው ጋር አቃጥያለሁ። ከእንግዲህ ሁሉንም ጥቅል ወደ ግራ ነው የማስረው። የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣ፣ ድሮም እንዲህ ነው የማስረው እለዋለሁ።