የጎፋ ሕፃናት «ጋሼ»፦ የመምህር ሮበሌ ቱሉ የሕይወት ታሪክ

መምህር ሮበሌ ቱሉ ከአባታቸው ከአቶ ቱሉ ሂርጳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዜ ለታ በኅዳር ወር 1947 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አቅራቢያ በምትገኘው ፉሪ ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ናቸው። ከወለዷቸው ልጆች በሕይወት የቀሩላቸው ሮበሌ ብቻ ስለነበሩ እርሻ ሳያስነኩ ትምህርት ቤት ላኳቸው። ምኞታቸው ልጃቸውን ቢሮ ተቀምጠው፣ ማኅተም ሲመቱ ማየት ነበር።

ሮበሌ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀው በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ሲዳሞ ሄዱ። እዚያም ፊደል ሊቆጥሩ የሚመጡት እናቶች ይዘዋቸው የሚመጡት ልጆች እያለቀሱ አላስተምር ቢሏቸው፣ ሕፃናቱን ሰብስበው ከጭቃ ቤትና በሬ ያሠሯቸው፣ ያዘፍኗቸው ጀመር። መጀመሪያ ለማባበል ነበር፤ ኋላ ግን እናቶቹን ለሌላ ዘማች ትተው ከልጆቹ ጋር ቀሩ።

በ1971 ዓ.ም. የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ሥልጠና ሲገቡ ከሠልጣኞቹ መካከል ወንድ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አባታቸው ወሬውን ከጎረቤት ሰምተው «ወንድ ልጅ አስተምሬ ሞግዚት ሆነብኝ! ሰው ፊት በምን ዓይኔ ልቁም?» አሉ።

ሮበሌም «አባባ፣ ይህም ትምህርት ነው። አንድ ቀን ይምጡና ይዩኝ» ብለው ለመኗቸው። አቶ ቱሉ አልሄዱም። ሰው ሲጠይቃቸው «ልጄ ቢሮ ነው የሚሠራው» እያሉ ዓመታት አለፉ።

መምህር ሮበሌ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሰፈር በሚገኘው የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሩ። የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣላቸው ዝም በል አይሉትም፤ አጠገቡ ቁጭ ብለው «ምን ከፋህ?» ይሉትና እስኪጨርስ ያዳምጡታል። በ1974 ዓ.ም. በሥልጠናው አብረዋቸው ከነበሩት ከወይዘሮ ዓለሚቱ ዳኜ ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል።

የሕፃናት አስተዳደግን በዲፕሎማ ደረጃ ለመማር ሲመኙ ኖረው በ1979 ዓ.ም. ዕድሉን አገኙ። ዳሩ ግን የኩላሊት ሕመም ቀደማቸው፤ ጓደኞቻቸው ትምህርት ሲጀምሩ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር።

ሕመሙ ሲጠና ወይዘሮ ዓለሚቱ ከአልጋው አልለይ ስላሉ፣ የሐኪሙን ወረቀት ለመዋዕለ ሕፃናቱ እንዲያደርሱ አቶ ቱሉ ተላኩ። በዚያ በር ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ማን እንደሆኑ ለመምህራኑ ሲናገሩ የሰሙ ልጆች ከበቧቸው። «የጋሼ አባት ነህ? ጋሼ መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ እጃቸውን ይዘው ልጃቸው ያስተማሯቸውን መዝሙር ዘመሩላቸው፤ የሠሩላቸውን የእንጨት መኪና አሳዩዋቸው። ወረቀቱን ሰጥተው ሊመለሱ የመጡት ሰው፣ በሕፃናቱ አጭር አግዳሚ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ።

ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሮጡ። ሲደርሱ ግን መምህር ሮበሌ መናገር ተስኗቸው፣ ዓይናቸው ተከድኖ ነበር። አቶ ቱሉ ጆሯቸው ሥር ተጠግተው «ልጄ፣ ሄጄ አየሁልህ። የሠራኸውን ሁሉ አየሁልህ» አሏቸው። መስማታቸውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

መምህር ሮበሌ ቱሉ በማግስቱ፣ ግንቦት 16 ቀን 1980 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አባታቸው፣ እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ገና የአራት ዓመት ሕፃን የሆነችው ልጃቸው ወጋየሁ በሐዘን ቀርተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቸር እጁ ይቀበል። ለአባታቸውም ያን ቀን ያላገኙትን መልስ፣ በሚገናኙበት ቀን ያሰማቸው። አሜን።