ለእማዬ ያስቀመስኳት

ለታላቅ እህቴ ለድንቅነሽ፤

ከዚያ አገር ሙቀትና ከማዳምሽ ጩኸት ጋር እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ከሳሙናው ነው ያልሽው የእጅሽ ሽፍታስ ጠፋልሽ? እንቅልፍ ይሰጡሻል? እኔ ለሠራሁት ሥራ ከሚገባኝ በላይ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በሰዓቱ ሥራ እገባለሁ። ውሻችን ቡቺም ደህና ነው፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ ወፍሮ የሚታየው እሱ ብቻ ነው። የእማዬን ጤንነት ከታች ታነቢዋለሽ። እዚህ ላይ ደህና ናት ብዬ ባልፍ ኖሮ ቀሪውን ወረቀት መጻፍ ባላስፈለገኝ።

በስልክ አራት ጊዜ እማዬ ለምን የአባታችን እህት አዳዳ ጋዲሴ ቤት እንደሄደች ጠየቅሽኝ። አራቱንም ጊዜ ኔትወርክ የጠፋበት ሰው መስዬ ሄሎ ሄሎ አልኩብሽ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ ትጮኺብኛለሽ፣ እኔም እዘጋብሻለሁ፤ እስከ መጨረሻው ሳትሰሚኝ ትቀሪያለሽ። የጎረቤታችን ልጅ ማርቲ ወደ ኩዌት ልትመለስ ስለሆነ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ፖስታውን አሽጌዋለሁ፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ ማርቲም አንብባዋለች ማለት ነው።

ጋሽ ወንድዬ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ግቢ የውሻ ምግብ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ከሥጋ ቤት የሚለቀመው አጥንትና ትርፍራፊ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር ይቦካል፣ ከዚያ ተቆራርጦ ይደርቃል። እኔ ቀላቃይ ነኝ፤ እማዬ ደግሞ በርሜል አጣቢ ነበረች። ከረጢቱ ላይ የታተመው የፈረንጅ ውሻ ምላሱን አውጥቶ ይስቃል። የሚገባለትን ቢያይ ኖሮ ምላሱን ይሰበስብ ነበር።

ጋሽ ወንድዬ አንድ ዘዴ አለው። ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ቀምሶ ለእንግዳው እንደሚያቀርበው ሁሉ፣ እሱም ደንበኛ ፊት ከምግቡ አንድ ፍሬ አንስቶ ቆርጠም ቆርጠም አድርጎ ይውጣል። እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው ውሻ አልሸጥም ይላል። ደንበኞቹም በዚህ ይወዱታል። አንቺ የማዳምሽን ድመት ቆርቆሮ አንድ ቀን ርቦሽ ቀምሰሽ፣ ከብዙ ቤት ወጥ ይሻላል ብለሽ ስቀሽ ነበር፤ የእኛው እንደዚያ እንዳይመስልሽ። ጋሽ ወንድዬ የሚቀምሰው መደርደሪያ ላይ ካለች ጣሳ ነው፤ በንጹሕ ዱቄትና በደህና ሥጋ ለብቻው የሚጋገር ነው፤ የምጋግርለትም እኔ ነኝ። ከጣሳዋ ያወጣትን በመዳፉ ይደብቅና እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ያወጣል።

ሁዳዴ ሲገባ ጣጣው መጣ። ጋሽ ወንድዬ ማንንም ይሸውዳል፣ ጾም ግን አይገድፍም። ሠራተኛውም ጿሚ ነው፤ ያልጾመውም ጿሚ ነኝ ይላል። ጾም ነው የምትለው ቃል እንዴት ያለች መሸሸጊያ እንደሆነች ያኔ ነው ያየሁት፤ ከግቢው ሰው አንድም በልቶት አያውቅም፣ አሁን ግን ሁሉም ሊበላው ፈልጎ ሃይማኖት የከለከለው ይመስል ነበር። ደንበኛ እየመጣ፣ የሚቀምስለት እያጣ፣ ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ እያለ ይሄዳል።

በዚያ ላይ ሥጋ ቤቶቹ ዘጉ፣ አጥንትም ጠፋ። ሾፌሩ ቀጀላ ግን መኪናውን ባዶ ይዞ አይመለስም፤ ከየት አመጣህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት ከበርሜሉ ውስጥ አንድ ሰኮና አወጣሁ። አልተሰነጠቀም። አገላብጬ አየሁት፤ የበሬም አይደለም፣ የበግም አይደለም። ጡብና አሸዋ ሲጎትቱ እዚህ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የሚጨርሳቸውን አህዮች ታውቂያቸዋለሽ። ሰኮናውን ለማንም ሳላሳይ ቆሻሻ ውስጥ ቀበርኩት፣ ሥጋውን ግን ቀላቀልኩት።

ያን ሰሞን ከእማዬ ጋር ተኳርፈን ነበር። ሳሪስ ላይ ዕንቁላል ሳንዱች ስበላ ደረሰችብኝና፣ ወይዘሮ ብዙወርቅ ባለችበት ይቺን እኔ አልወለድኳትም አለች። አብረዋት ከሚጠጡት የማርያም ማኅበርተኞች ሁሉ ወሬ የማይቋጥር አፍ ያላት ብዙወርቅ መሆኗን እያወቀች ነው። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ራሷን እማዬን ከመጋረጃው ጀርባ ወተት ስትጠጣ አገኘኋት። ጨጓራዋ ቆስሎ ጤና ጣቢያ ሆድሽን ባዶ አታድርጊ ብለዋት፣ የንስሐ አባቷም ወተት ብቻ ፈቅደውላት ነበር። እጄን ይዛ ለማንም እንዳትነግሪብኝ አለችኝ። እሺ ብዬ ማልኩላት። ስምል ግን እሷ ያዋረደችኝን ሳንዱች እያሰብኩ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ብዙ መጋዘንና ብዙ ውሻ ያለው ሰውዬ መጣ። አብሮት የመጣው ዘበኛው የብዙወርቅ ባል ነው። ሰውዬው ባለቤቱ የማይቀምሰውን ውሻዬ አይቀምስም ብሎ ድርቅ አለ። ጋሽ ወንድዬ ጾም ነው ጌታዬ ቢለው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ የማይጾም የለም ወይ ብሎ ሳቀብን። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። የሱፐርቫይዘርነቱ ቦታ ክፍት እንደሆነ ሰምቼ ነበር፤ ጋሽ ወንድዬ ያን ዕለት ከጣጣው የሚያወጣውን ሰው እንደማይረሳም አውቅ ነበር። እማዬ የንስሐ አባቷ ፈቅደውላታል፣ እሷ አትጾምም አልኩ። ስናገረው ጣፈጠኝ፤ ይህን አልደብቅሽም።

እማዬ ቀስ ብላ የተፈቀደልኝ ወተት ነው አለች። ጋሽ ወንድዬ ግን «ወተቱስ ከላም አይደለም እንዴ የወጣው እትዬ አሰጋሽ? ፈቃድ ፈቃድ ነው!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ጣሳዋ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ባዶ ነበረች። ስለዚህ ከከረጢቱ ዘግኖ ሰጣት፤ እኔ ሰኞ ከቀላቀልኩት። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። አሟታል ብል ይበቃ ነበር፤ አንድ ቃል። ሚዛኑን እያየሁ ቆምኩ። እሷም ልጄ እንጀራዋን የምትበላው እዚህ ነው ብላ ነው መሰለኝ፣ አማተበችና አፏ ውስጥ ከተተችው። በቀሩት ጥርሶቿ ብዙ ጊዜ አኘከችው። ሊወርድላት አልቻለም፤ አንገቷን ሰበቅ ሰበቅ አድርጋ ዋጠችው። ከዚያ ጨው ያንሰዋል አለች። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀና ያንኑ አስጫነ። እኔም በነጋታው ሱፐርቫይዘር ተባልኩ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ ድረስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ቀማሿን ጥሩልኝ ይባላል። እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣለች፣ ትቀምሳለች፣ ቧንቧው ጋ ሄዳ አፏን ትጉመጠመጣለች። ቤት ገብታ አንድ ቀን እንኳን አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር ብዬ አልዋሽሽም፤ ዝም ማለቷ ያን ጊዜ ተመችቶኝ ነበር። ስንት ጊዜ እንደቀመሰች እኔ አላውቅም። እሷ ግን ለንስሐ ቆጥራ ይዛው ነበር።

የማኅበሩ ተረኛ ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን እማዬ ነበረች። ዳቦውን ደፋች፣ ዶሮውን ሠራች፣ ቤቱን ቄጠማ በቄጠማ አደረገችው። ሴቶቹ አንድም ሳይቀሩ መጡ። ካህኑ ዳቦውን ባርከው ሌላ ቤት ስለሚጠብቃቸው ሄዱ። ሴቶቹ የተባረከውን ዳቦ እንቢ ማለት አይቻልምና ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ወጡን ግን ማንም አልነካውም። እማዬ መጀመሪያ ራሷ ጎረሰች፤ ብሉ እንጂ፣ ብሉ እንጂ አለች። ሞሰቡን ከበው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

በመጨረሻ ብዙወርቅ ተናገረች። የቀመስሽው ነገር አህያ አለበት ይባላል፣ አሰጋሽ፤ እኛ ደግሞ ጽዋ የምንጠጣ ሰዎች ነን አለቻት። እማዬ ምን ያደረገች ይመስልሻል? ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። የምትቀላቅለው ልጄ አይደለችም እንዴ፣ አህያ ቢኖርበት ለእናቷ ታበላለች ወይ አለቻቸው። ተነሥታ ከበሩ ጀርባ ለቡቺ የምናመጣለትን የስባሪ ከረጢት አወጣችና፣ አንድ ፍሬ ይዛ ወደ እኔ መጣች። «ቅመሺላቸውና ይረፉ» አለችኝ።

ጾም አልነበረም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ውስጥ ረቡዕና ዓርብ እንኳን ይበላል። የእማዬ እጅ ተዘርግቷል፤ ሴቶቹም የሚያዩት እኔን ብቻ ነው። እሷ ስንት ደንበኛ ፊት የበላችውን፣ እኔ አንዲት ፍሬ ብውጥላት ስሟ ይመለስ ነበር። ያ ሰኮና ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ጠግቤያለሁ አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያን ዕለት የነበረው ዝምታ ግን ሸተተኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያጣፉ ተነሡ። ጽዋውን ለቀጣይዋ ተረኛ ይዘውላት ወጡ፤ እማዬን እግዚአብሔር ይስጥልን ያላትም አልነበረም። እሷ ያቺን ፍሬ እንደያዘች መሃል ቤት ቆማ ቀረች። ታውቂ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ከመቼ ጀምሮ አለችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አልኳት። ይህን ስላት እንኳን መዋሸት እችል ነበር፤ ደንበኛ ፊት እየዋሸሁ ነው የምውለው። ግን ደክሞኝ ነበር። በማግስቱ ልብሷን በአንድ ፌስታል ይዛ አዳዳ ጋዲሴ ቤት ሄደች።

አሁን በርሜል አታጥብም፤ ከቤተ ክርስቲያንም አትርቅም። የንስሐ አባቷ ሳታውቂ የበላሽው ስለሆነ ይቀልሻል ቢሏት፣ አይቀልም ብላ ስግደት አስጨመረች አሉ። በዚህ ሃምሳ ቀን ስግደት ስለሌለ እስኪያልፍ እየጠበቀች ነው። በዚያ ጨጓራና በዚያ ጉልበት! እኔ አበላኋት፣ እኔ ልስገድላት የሚል የለም። እኔ እንደሆንኩ አሁንም እዚያው ነኝ። ጾሙ ስላለፈ ጋሽ ወንድዬ ከጣሳዋ መቅመሱን ጀምሯል፤ የምጋግርለትም እኔ ነኝ። ሥራውን ተዪ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ብተወው እማዬ የበላችውን አትተፋው፤ እኔም የምገባበት ሌላ ቦታ የለኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ቢሉኝ ልክ ናቸው።

ትናንት እሑድ ስለሆነ ሄጄ ነበር። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ስታየኝ ልትጮህብኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ተነሥታ ተቀበለችኝ። ወንበር አምጥታ በነጠላዋ አራግፋ አስቀመጠችኝ። እጄን አስታጠበችኝ፤ እማዬ እኮ ናት፣ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማ። ሽሮ አቀረበችልኝ። እጄን ልሰድ ስል ቆይ አለችና፣ ከፊቴ ቆርሳ ጎረሰች። አኘከች፣ ዋጠች፣ አፏንም ከፍታ አሳየችኝ። ምንም የለበትም፣ ብዪ አለችኝ።

በላሁ። ስጨርስ እስከ በሩ ድረስ ሸኝታኝ ስለመጣሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችኝ።

ድንቅዬ፣ አስታርቂን ብዬሽ አይደለም የጻፍኩት፤ እሷ እኮ አልተጣላችኝም። ስትደውዪላት ይህን ማንበብሽን አትንገሪያት፤ እህትሽ ደህና ናት ወይ ብለሽ ግን ጠይቂያት። ምን ብላ እንደምትመልስልሽ አንቺም ለእኔ አትንገሪኝ።

አብራሽ ለምትሠራው ለኬንያዊቷ ልጅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እጅሽን በሌሊት የምታሽልሽ እሷ ናት ብለሽኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የምታሳድጊያቸውን መንታዎች ግንባራቸውን ሳሚልኝ። አዳዳ ጋዲሴ ነጭ ሻሽ ብቻ ላኪልኝ፣ ሌላ አያምረኝም ብላሻለች። ልጇ ሮሪሳ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ እስካሁን ማንንም አልገጨምና ደስ ይበልሽ ይላል። ማርቲ ራሷ ስለምታይሽ የእሷን አልጽፍም። ከእማዬ የተላከ ሰላምታ የለም፤ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ታናሽ እህትሽ ማህሌት
ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.