በግራ እጃቸው ወደ ቤታቸው የገቡት ወይዘሮ ኣብረኽት ተኽሉ

ወይዘሮ ኣብረኽት ከአባታቸው ከአቶ ተኽሉ ወልደጋብርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ስዩም እ.ኤ.አ. በ1950 በደቀምሓረ ተወለዱ። አባታቸው በአዲስ አበባ የአውቶቡስ መካኒክነት ሥራ ሲያገኙ እሳቸው ገና ሕፃን ነበሩ። አማርኛንም እዚያው ከሰፈር ልጆች ጋር ለመዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ የልብስ ስፌት ሙያ ቀስመው በአንድ የዩኒፎርም ፋብሪካ ሠርተዋል።

በ1974 ከአቶ ምሕረተኣብ ጋር በተክሊል ተጋብተው ስኒትንና ሰንጋልን ወለዱ። በ1983 በሱዳን በኩል ወደ ኔዘርላንድ መጥተው ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ገቡ፤ እስከ ጡረታቸውም ልብስ በማስተካከል ሠሩ። አቶ ምሕረተኣብ በ2009 ሲያርፉ ልጆቻቸው አብረዋቸው እንዲኖሩ ቢለምኗቸውም እሺ አላሉም። የልጅም ቤት ቢሆን የሰው ቤት ነው ይሉ ነበር።

በመጋቢት 2021 ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተጎተተ። በገቡበት የማገገሚያ ማዕከል፣ ከአልጋ መነሳቱ፣ መልበሱ፣ መታጠቡና መብላቱ በየጊዜው ይለካል። ምን ያህሉን ያለ ሰው እርዳታ እንደሠሩ ታይቶ ነጥብ ይሰጣል። መራመዱ እየተሻለ ሄደ፤ መብላቱ ግን ፈቀቅ አልል አለ። ልምምዱን የምታሠራቸው ባለሙያ ሊና ማንኪያውን በግራ እጅ እንዲይዙ ብታሳያቸው፣ አፋቸውን ገጥመው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰንጋልን በልጅነቱ በግራው ሲበላ እጁን መትተው ያሳደጉ ሴት ናቸውና። ልጆቻቸው እናትን ማጉረስ ምርቃት ነው ብለው በተራ ያጎርሷቸዋል፤ ለካዮቹም ወይዘሮዋ በራሳቸው መብላት አይችሉም ብለው ይመዘግባሉ።

በሰኔ፣ በሚቀጥለው ልኬት ለውጥ ካልታየ ብቻቸውን መኖር አይችሉምና ወደ ቨርፕሌህሃውስ፣ ቋሚ እንክብካቤ ወደሚሰጥበት ተቋም፣ እንደሚዛወሩ ተነገራቸው።

በዚያው ሳምንት እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቋቸው መጥተው ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ስኒት እንደ ልማዷ የተፈጨ ድንች ልታጎርሳቸው ስትል ማንኪያውን በግራ እጃቸው ነጠቋትና መብላት ጀመሩ። ግማሹ ደረታቸው ላይ ወደቀ። ስኒት ደንግጣ፣ "ማማ፣ ተዪ፣ ሰው እያየሽ ነው" አለቻቸው።

እሳቸውም ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ፣ "ይየኝ። በግራዬ በልቼ ቤቴ ልግባ" አሉ።

ከጠያቂዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አቶ አበጋዝ፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ማንም እንዳይረዳቸው በእጃቸው ከለከሉ። እዚያ የነበርነው ሁሉ አለቀስን። ማልቀሳችን ከሐዘን ይሁን ከደስታ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው እጃቸውን መሰብሰብ ተማሩ፤ ከማጉረሱ ይልቅ ይሄ ከበዳቸው። ልኬቱም ተሻሻለና በመስከረም ወይዘሮ ኣብረኽት ከዘራቸውን ይዘው ሙርዋይክ ተመለሱ። ቀኝ እጃቸው እስከ መጨረሻው አልዳነም። ጠዋት ልታለብሳቸው የምትመጣው ሠራተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ለብሰው ትደርሳለች፤ የምትሠራው ስታጣ ተቀምጣ ታጫውታቸው ነበር።

በጥር 2025 የሳንባ ምች አመማቸው። ጥቂት ቀን ሆስፒታል ተኝተው፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ ባሉት መሠረት ተመልሰው፣ ጥር 29 ቀን ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው በገዛ አልጋቸው ላይ በ74 ዓመታቸው አረፉ።

ከሮተርዳም ልጃቸው ስኒት፣ ከአምስተርዳም ኖርድ ልጃቸው ሰንጋል፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ይህን የጻፍኩት የእህታቸው ልጅ ጽጌም በሐዘን ቀርተናል። ለቤታቸው ሲሉ በሰው ፊት ሀፍረታቸውን የዋጡትን እናታችንን እግዚአብሔር በቤቱ በክብር ይቀበልልን። አሜን።