የእማዬ ፎርማ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ። ለጤናህ እንደምን ነህ? ወገብህ ጎንበስ ቀና ማለቱን ፈቀደልህ ወይስ አሁንም ከወንበሩ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል? መርፌ ላይ ክር ለማስገባትስ ዓይንህ ይታዘዝሃል? አክስቴ ጉልበቷ ተሻላት? ታናሼ ሚጡና ልጆቿስ እንዴት ናቸው? እኔ እናንተን ከመናፈቄ በቀር ደህና ነኝ፤ ሰሞኑን ግን እንቅልፍ ከድቶኛል። ምክንያቱን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ወኔ አጣሁና ስለ ብርዱ አውርቼ ዘጋሁት። እንደ አንተ ግትር ብሆንም እንደ አንተ ደፋር አይደለሁም።

ሥራዬን ስትጠይቀኝ ሁልጊዜ «ቤተ ሙከራ» ብዬ አልፈዋለሁ። ዛሬ በደንብ ልንገርህ። ከአንጎላችን ሥር ፒቱታሪ የምትባል አተር የምታክል ዕጢ አለች። ትንሽ ናት ብለህ እንዳትንቃት፤ የሰውነትን እድገት የምታዝዘው እሷ ናት። አንዳንድ ሰው ላይ እባጭ ይወጣባትና እባጩ የእድገት ሆርሞን ያለ ልክ ይረጫል። ሐኪሞቹ በአፍንጫ በኩል ገብተው ያወጡታል። እኛ ደግሞ ከወጣው ላይ ቁራጩን ሰም ውስጥ አድርገን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርገን እንቆርጠዋለን፤ የትኛው መድኃኒት የትኛውን እባጭ እንደሚያከስም እናጠናለን። ቆዳ ስትቆርጥ እያየሁ ስላደግኩ እጄ አይንቀጠቀጥም። አለቃዬ ይህን እጅ ከየት አመጣሽው ትለኛለች፤ ከጫማ ሠሪ ቤት እላታለሁ።

በቅርቡ አንዲት የልብስ ስፌት መምህርት ለጥናቱ መጣች። የሚመዘገብ ሕመምተኛ የድሮ ፎቶዎቹን ይዞ ይመጣል፤ ፊቱ ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ የሚታወቀው በዚያ ነው። ጠረጴዛ ላይ በተራ የምደረድራቸው እኔ ነኝ። ከሙሽርነቷ ጀምሬ ስደረድር አገጯ እየሰፋ፣ አፍንጫዋ እየወፈረ፣ ግንባሯ ወደፊት እየገፋ መጣ። ሐኪሟ ጫማሽ መጥበብ የጀመረው መቼ ነው ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሳቀችና ባሏ በስተርጅና እግር ያበቅላል እንዴ እያለ ይቀልድባት እንደነበር ተናገረች። እኔ አልሳቅኩም። የመጨረሻውን ፎቶ እንደያዝኩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

አባዬ፣ የእማዬ ፎርማ ትዝ አለኝ። በየእግራችን ልክ ከእንጨት ጠርበህ ግድግዳው ላይ ሰቅለህልን አልነበር? የእኛ የልጆቹ በየጊዜው ሲቀየር የእሷ ያው ነበር። ከዚያ በዚያው ፎርማ የሠራህላት ጫማ ጠበባት። የአዋቂ ሰው እግር አያድግም ብለህ ቆዳውን ወነጀልክ። ቆዳ የሚያቀርብልህን ጋሽ ሌጦን፣ ያን የመሰለ የልብ ወዳጅህን፣ የሚኮማተር ቆዳ ሸጥክልኝ ብለህ ከደጃፍህ መለስከው። ምሎ ቢገዘትም አላመንከውም። ከሌላ ሰው ገዝተህ የሠራኸውም ሲጠባት፣ ነጋዴ ሁሉ አንድ ነው አልክና ፎርማው ላይ ቁራጭ ቆዳ በማስቲሽ ትለጥፍ ጀመር። በላዩ ላይ ሌላ፣ በላዩ ላይ ሌላ።

ድምፅዋ ሲጎረንን ጉንፋን ነው አልን። ጣቷ ሲወፍር የሥራ እጅ ነው አልን። ራሷን ሲያማት ሻሽ አሰርንላት። ከበሩ መቃን ጋር ስትጋጭ ልቧ ሌላ ቦታ ነው ብለን ሳቅንባት፤ ለካ ጎንና ጎኑን አታይም ነበር፤ እባጩ ሲያድግ የዓይንን ነርቭ ይጫናል። አንድ ቀን በተቀመጠችበት ቀረች፤ ቀኗ ደርሶ ነው ብለን ቀበርናት። የእማዬን ፎቶዎች ለስፌት መምህርቷ ሐኪም አሳየኋት። ካልመረመሩ ቁርጡን መናገር እንደማይቻል ነገረችኝና ፎቶዎቹን መለሰችልኝ። ከዚያ «ይቺን ሴት በጊዜ አግኝተናት ቢሆን» አለች። አባዬ፣ ይህ ቃል አንጀቴን በላው።

ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ትል የለ? ነገሩ የእማዬ ብቻ ቢሆን አፌን ይዤ እቀር ነበር። ግን በቀደም ስንደዋወል የሚጡ ጫማ ጠበበ፣ የዘንድሮ ቆዳም እንደ ድሮው ቀጣፊ ነው ብለህ ሳቅክ። እሷም ከጀርባህ ሆና ራሴን እያመመኝ ነው ስትል ሰማኋት። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ አይወረስም፤ በጥቂት ቤተሰቦች ግን ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። እኔ ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተብያለሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ የታናሼ ነገር አስፈራኝ።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሚጡን አስቀምጠህ እግሯን በፎርማዋ ለካ። ፎርማው ካነሰ ማስቲሹን እንዳታነሳ። ምንም አትለጥፍበት። እሷን ሐኪም ቤት ውሰዳትና የእናቷን ነገር ንገራቸው፤ የእድገት ሆርሞን ምርመራ በላቸው። ሥራ አለብኝ፣ ልጆቹን ለማን ልተው ማለቷ አይቀርም፤ አትስማት። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። የስፌት መምህርቷ ከቀዶ ሕክምናዋ በኋላ መጥታ የሠርግ ቀለበቷ ተመልሶ ጣቷ ላይ እንደገባ አሳይታናለች።

ራስህን እንዳትረግም። ከቤቱ ሰው ሁሉ የእማዬን መለወጥ ያየህ አንተ ብቻ ነህ፤ የሳትከው የምትወቅሰውን ብቻ ነው።

አክስቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ የላክኩላትን ቅባት የእኔ ስጦታ ነው ብላ እንዳትቆጥበው። የሚጡን ባል ሰላም በለው፤ ልጆቹን በየጉንጫቸው ሳምልኝ። ሚጡን ምንም ሳትላት ጥብቅ አድርገህ እቀፋት። ጋሽ ሌጦ ዛሬም በዱላ ተደግፎ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል ብላኛለች አክስቴ። ሄደህ አጠገቡ ተቀመጥ። ቆዳው ደህና ነበር በለው።

ትልቋ ልጅህ
ከመኖሪያ ክፍሌ፣ ከመስኮቱ ሥር
የካቲት ፲፩ ቀን