ያልተፈታው ካምቢዮ

እንጅባራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

መካኒኩ ውብነህ መኪናዬን አበላሽቶብኝ ከጋራዡ ነጥቄ እንደወጣሁ የሚወራው ውሸት ነው። አላበላሸም፤ አልነጠቅሁም።

መኪናዬ ዳገት ላይ ስትነሣ እየተንቀጠቀጠች ስላስቸገረችኝ ወሰድኩለት። ዘይቷን አየ፣ ራሱ ነድቶ ሞከራት፣ ከዚያ ቁልፉን መለሰልኝ። «እትዬ፣ ይህ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሁለት ፍሪሲዮን ነው ያለው። ፈትቼ ብገጥመውም በኮምፒውተር ካልተስተካከለ አይሠራም፤ መሣሪያው ደግሞ የለኝም። ባሕር ዳር ይውሰዷት። እስከዚያው ዳገት ላይ ሲቆሙ በነዳጅ አይያዟት፤ ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል። ፍሬን ይርገጡ» አለኝ። ስንት ዘመን ሳስተምር «ይህን አልችልም» ብሎ በግልጽ የነገረኝ ሰው ጥቂት ነው። አከበርኩት። ወሬውን ስሰማም፣ ይበርዳል ብዬ ዝም አልኩ።

ዛሬ ግን በጥሊሊ መንገድ የሚሠራው የሚኒባስ ሹፌር፣ የድሮ ተማሪዬ፣ መኪናውን ከውብነህ ጋራዥ እያስጎተተ ሲያወጣ አገኘሁት። ለምን እንደሚያወጣት ብጠይቀው ሳቀ። «እርስዎ ኤክስ ያደረጉበትን ማን ያርመዋል፣ እትዬ?» ላስረዳው አፌን ስከፍት ጎታቹ መኪና ተነሣ። ውብነህ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ነገ በመጀመሪያ መናኸሪያ ሄጄ፣ ሹፌሮቹ በተሰበሰቡበት እውነቱን እናገራለሁ። ቀጥሎ ባሕር ዳር አብሮኝ እንዲሄድ ውብነህን እለምነዋለሁ። ከፊት አስቀምጬው በገበያው መሀል አልፋለሁ። እሺ ካለኝ።