ያልቀሩት ስምንት ሽቦዎች

ጥቅምት 3

ረቡዕ። ላውንደሪው ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። አሥራ አንድ ሱፍ፣ ሁለት የሙሽራ ቀሚስ፣ አንድ መጋረጃ። መጋረጃው ላይ ወይን ፈሶበት ነው አሉኝ… ወይን አይደለም፣ የጥፍር ቀለም ነው። ሰው ለእድፉ እንኳ ይዋሻል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ኪስ ስፈትሽ ኖሬ ማን ሊያታልለኝ?

ቤት ስገባ አባባ እንግዳ ይዟል። ቀጭን ሽማግሌ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ። «አየር ኃይል አብረን ነበርን» አለኝ አባባ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። አባባ በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ጣይ ነበር። ድልድይ የሰበረ ጀግና መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን አብሮት ይበር የነበረው አብራሪ ከሞተ ወዲህ የድሮ ባልደረባ ነኝ ብሎ ደጃችንን የረገጠ ሰው የለም። ባርኔጣው ሲያየኝ ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። ትሕትናው በዛብኝ። አልወደድኩትም።

ጥቅምት 10

መጣ። ረቡዕን የራሱ አደረገው ማለት ነው? ሳሎኑን ዘጉና ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት። አባባ ሬዲዮ ሲጮህ ራሱን ያመዋል፤ እኔን ስንት ጊዜ ቀንሺው ብሎ ተቆጥቶኛል። ዛሬ ግን አላመመውም። ሻይ ላቅርብ ብዬ ገባሁ። ሁለቱም ዝም… ስወጣ ቀጠሉ።

ጥቅምት 13

የአባባ ግራጫ ካፖርት የለም። ቁም ሣጥኑን፣ የበሩን ጀርባ፣ ሁሉንም አየሁ። ላውንደሪ ወስጄው ይሆን ብዬ ራሴን ሳይቀር ጠረጠርኩ። ብጠይቀው፣ ሰጠሁት አለኝ። ለማን? ለበረደው ሰው። ይሄ እኮ ጃንጥላውን ለገዛ ልጁ የማያውስ ሰው ነው።

ጥቅምት 17

የእጅ ሰዓቱም ሄደ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሽማግሌ ሲያረጅ እጁ ይፈታል፣ ተዪው አለኝ። ሩቅ ሆኖ ተዪው ማለት ቀላል ነው። አሳስቆ የሚወስድ ውሃ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ሰውዬው እኮ በር ላይ ሲሰናበተኝ «ልጄ» ይለኛል። ልጄ!

ጥቅምት 24

ዛሬ እኔም አንድ ነገር አደረግሁ። ባርኔጣው ሊወጣ ሲል፣ ኮትዎ እጅጌው ላይ ዘይት ነክቶታል፣ ይተዉልኝና አጽድቼ ልመልስልዎ አልኩት። ዘይት የሚባል ነገር የለበትም። እያመነታ አውልቆ ሰጠኝ። መንገዱን በሹራብ ብቻ ሲሄድ ትንሽ አሳዘነኝ… ትንሽ።

ጥቅምት 25

ኪሱን ፈተሽኩ። ሥራዬ ነው፣ ኃጢአት የለበትም። አንድ እግሩ በክር የታሰረ መነጽር። የአውቶቡስ ትኬት። ስንዝር የምታህል ቀጭን ሽቦ፣ ሁለቱም ጫፏ ላይ ቀለበት ያላት። ቁልፍ መክፈቻ ካልሆነች ምን ትሆናለች? ከሁሉ የባሰው ግን በአራት የታጠፈው ወረቀት ነው። ከላይ «የጦር አየር ጓዶች መታሰቢያ ግንብ ኮሚቴ፦ የምስክርነት ቃል» ይላል። የአባባ ሙሉ ስምና ማዕረግ በባርኔጣው የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። መሐሉ ባዶ ነው። ከታች የፊርማ ቦታ።

ባዶ ወረቀት ላይ ሊያስፈርመው ነው! የኮሚቴ ማኅተም አለበት፤ ማኅተምማ ዛሬ በየመንገዱ ይቀረጻል። ካፖርት፣ ሰዓት፣ ቀጥሎ ቤቱ። የቤቱን ካርታ ከሣጥን አውጥቼ ላውንደሪ ወሰድኩት፣ ማንም የማይጠይቀው የብርድ ልብስ ክምር ሥር ደበቅሁት። ኮቱን እንዳለ ተኩሼ መለስኩለት። አመሰገነኝ። ኪሱን ሲዳብስ ግን አየሁት።

ጥቅምት 29

የሜዳሊያው ሣጥን ባዶ ነው። በቃኝ። ረቡዕ ይምጣ።

ኅዳር 1

እንደሆነው ልጻፈው።

ከሥራ ቀርቼ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ትልቅ ዘንቢል ይዞ መጣ። ከአባቴ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት፣ ሳይነግረኝ አንድ እርምጃ እንደማይገባም ነገርኩት። ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠና እየተጎነበሰ ማውጣት ጀመረ። ካፖርቱ፣ እንደታጠፈ። ሰዓቱ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ። ሜዳሊያው።

«አንዱንም አልነካሁት» አለ። «እምቢ ስላቸው አያነጋግሩኝም፣ ስቀበል ደግሞ ዝም እንድል ይመስላቸዋል። እኔ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ቃላቸውን እንዲሰጡ።»

አባባ ከኋላዬ መጥቶ ኖሯል። አትናገር አለው። ባርኔጣው ደግሞ፣ «ሻምበል፣ ወይ እርስዎ ይንገሯት ወይ እኔ» አለ። አባባ መኝታ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰውዬው ኮሪደሩ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነገረኝ።

አሥር አለቃ ነበር፣ ቦምብ ጫኝ። ያቺን ሽቦ ከኪሱ አወጣት። ቦምብ ሲጫን እንዲህ ያለ ሽቦ ይገባለታል አለ፤ አንዱ ጫፍ አውሮፕላኑ ላይ፣ ሌላው ቦምቡ ላይ። ጣዩ ማብሪያውን አብርቶ ሲጥል ሽቦው አውሮፕላኑ ላይ ይቀርና ቦምቡ ነፍስ ዘርቶ ይወርዳል። ሳያበራ ከጣለ ግን ቦምቡ ሽቦውን ይዞት ይሄዳል፣ መሬት ላይ እንደ ድንጋይ ይጋደማል። አውሮፕላን ሲመለስ ሆዱን ከፍቶ የቀሩትን ሽቦዎች አይቶ መዝገብ ላይ ማስፈር የእሱ ሥራ ነበር።

«ያን ቀን ሆዱን ስከፍት ስምንቱም ቦምቦች የሉም። ሽቦ ግን አንድም አልቀረም።»

ቢገባኝም እንዲገባኝ አልፈለግሁም። ታዲያ ድልድዩን ማን ሰበረው አልኩ።

«ፊት የሄደው ነዋ። ከደመናው ሥር ብቻውን የገባው።»

ፊት የሄደው አውሮፕላን አብራሪ የሰፊዋ ባል ነው፣ እዚሁ ሰፈራችን ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ከሃዲ። አውሮፕላኑንና ሁለት ሰዎቹን ይዞ ለጠላት ገባ የተባለው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የተባለው!

አባባና አብራሪው ፈርተው ከመንገድ ዞሩ፣ ቦምቡን ረግረግ ላይ ጣሉት፣ በጥድፊያ ማብሪያውንም ረሱት። ተመልሰው ድልድዩን መታነው አሉ። በማግስቱ ፎቶ ተነሣ፣ ድልድዩ ተሰብሯል። ሜዳሊያ። የአባባ አብራሪ ይሄን ሰው ጠርቶ «ስምንት ሽቦ አይተሃል» አለው። እሱም ስምንት ብሎ ጻፈ።

«እኔም ፈርሜያለሁ፣ ልጄ። ንጹሕ ነኝ ብዬ አልመጣሁም።»

አሁን የሞቱት አየር ጓዶች ስም በግንብ ላይ ሊቀረጽ ነው። ዝርዝሩ ኅዳር 12 ይዘጋል። የሰፊዋ ባልና የሁለቱ ባልደረቦቹ ስም የለበትም። የሁለቱ ቤተሰቦች ስድቡን ሸሽተው ከተማውን ከለቀቁ ቆይተዋል። የባርኔጣው ቃል ብቻውን የአባባ ቦምቦች አለመፈንዳታቸውን ነው የሚያስረዳው። ያኛው ወንዝ ላይ ሲወድቅ ያየው፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት፣ አባባ ብቻ ነው።

ኅዳር 2

ቁርስ ላይ ጠየቅሁት። እውነት ነው? ሻዩን አማሰለ። ስኳር አላደረገበትም ነበር።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር አለ። ያንተ ሆድ ምን ፈጀው፣ የፈጀው የእሷን ነው አልኩት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ሲወድቅ አይተህ ለምን አልተናገርክም ስለው፣ «ወደቀ ካልኩ፣ ሳይወድቅ ምን መታ ይሉኝ ነበር» አለኝ። ከዳ የሚለውን ወሬ ያነሣኸው አንተ ነህ? ይሄንንም ጠየቅሁ… ለካ አባቴንም እጠረጥራለሁ።

«እኔ አላልኩም። ሲባል ዝም አልኩ።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይሄ ነው። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወጥቼ ስለ ድልድዩ ግጥም አንብቤያለሁ። ተጨብጭቦልኛል። አሁን የማን ጭብጨባ ነበር? አልፈርምም ብሎኝ ተነሣ። በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ አታድርጊኝ አለ።

ኅዳር 5

ላውንደሪው ጥገና የሚፈልገውን ልብስ ለሰፊዋ ይልካል። ዛሬ እሽጉን ራሴ ወሰድኩ። አንድ መስኮት ያላት ክፍል፣ ጨርቅ እስከ ጣሪያ። ስንቴ ገብቻለሁ፣ ሴትዮዋን ግን ዛሬ ነው ያየኋት። ጣቶቿ ጠማማ ሆነዋል። ልጅ ሳለን በሯ ላይ በጠመኔ «ከሃዲ» እየጻፉ የሚሮጡ ነበሩ። እኔ አልጻፍኩም። ቆሜ ግን አይቻለሁ። አባባ ያኔም እስካሁንም በዚህ መንገድ አያልፍም፣ ዞሮ ነው የሚሄደው። አቀበቱ ጉልበቴን ይጎዳዋል ይል ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው እኮ።

ቀና ብላ አየችኝና፣ «ምን ሆነሻል? የሰረቅሽ ትመስያለሽ» አለችኝ። ራሴን አሞኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ለእድፉ ይዋሻል ያልኩት እኔ አይደለሁ?

ኅዳር 7

አባባ አምስት ቀን ሙሉ አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩትም። ዛሬ እኔ ራሴ ልጽፍ ነው፣ በራሴ ስም ለኮሚቴው እሰጣለሁ አልኩት። የሰማሽው እንጂ ያየሽው የለም፣ ማን ያምንሻል አለኝ። ልክ ነው። ማንም።

ኅዳር 8

ባርኔጣው መጣ። ሬዲዮ የለም። አባባ ተላጭቶ ጠበቀን። አንቺ ሰምተሽ ከምትጽፊው ያየሁት እኔ ልናገር፣ ጻፊ አለኝ።

እሱ ሲናገር እኔ ጻፍኩ። ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር፣ ተኩሱ በዝቶ ነበር… ሁለት ገጽ ሙሉ ደመና። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ላውንደሪ እንዲያው አልሠራሁም፣ እድፉ ያለበትን አውቃለሁ። ብዕሬን አስቀምጬ አየሁት። እሱም አየኝ። ባርኔጣው መሬት መሬት ያያል።

«ፈራን በዪ» አለ አባባ። «ደመናውን ሰርዢው። ፈራን፣ ዞርን። እሱ አልዞረም። ድልድዩን ሲመታው አየሁ፣ ተቃጥሎ ወንዙ ውስጥ ሲገባ አየሁ።»

ፈረመ። ባርኔጣው በእሱ ሥር ፈረመ። ከዚያ ሁለቱም ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው፣ ሻይ ጠጡ። ስለ ሞተሩ ዘይት ሽታ አወሩ፣ በጠዋት አውሮፕላኑ ሲነሣ ጥርስ እንዴት እንደሚያንቀጫቅጭ። አባባ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ማንም ጠዋት ቁርስ አይበላም ነበር አለ፣ የሚበላ የሚያስመስለው የሰፊዋ ባል ብቻ ነበር። አሳዘኑኝ። ተናድጄባቸዋለሁም።

ኅዳር 9

ለኮሚቴው አስገባሁ። ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ፣ አባትሽ ይሄን መጻፍሽን ያውቃሉ? አለኝ። እሱም ይጠረጥራል። ፊርማውን አሳየሁት።

ኅዳር 15

የሦስቱም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ግንቡ ላይ ከማንበቧ በፊት ከእኔ ትስማ አለ አባባ። ሄድን። በአጭሩ መንገድ። እሷ ከማሽኑ ሳትነሣ ሰማችው። እሱ ቆሞ ነው የነገራት፣ ወንበር አልሰጠችውም፣ ያልሰጠችው እንኳ ረስታ ይመስለኛል። እኔ ጩኸት ጠብቄ ነበር። ወይም እልልታ፣ ባሏ ከሃዲ አልነበረማ። ስሙ ነጻ… እኛ ደስታ ይዘንላት የሄድን ነበር የመሰለኝ።

ፓራሹት አልነበረም? አለችው።

አላየሁም አላት። ወንዙ ላይ ነው? ወንዙ ላይ። እርግጠኛ ነዎት? እርግጠኛ ነኝ።

ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳበችው። ከዚያ በቀስታ፣ ለራሷ እንደምታወራ፦

«ከሃዲ ሲሉኝ ስድብ ነበር። ግን ከከዳ አለ ማለት ነው። ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እኔን ረስቶም ቢሆን… አለ። እረግመው ነበር እኮ፣ ሻምበል። የሞተ ሰው አይረገምም።»

አባባ ይቅርታ ሊጀምር ሲል እጇን አነሣች።

«የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቢነግሩኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ሰው አገባ ነበር። ዛሬ ነው የገደሉብኝ።»

አባባ ወደ ቤት ስንመለስ ሁለት ጊዜ ቆመ። እኔም አላጽናናሁትም።

ኅዳር 22

ረቡዕ። የሰፊዋ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «በሐዘን ምክንያት ተዘግቷል።» ሰፈሩ መጣ። ሰላም የማይሏት ሴቶች ሳይቀሩ መጥተው አለቀሱላት። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ያኔ በሯ ላይ በጠመኔ ትጽፍ ከነበሩት አንዷ ናት፣ አሁን አያት ሆናለች፤ ትንሽ አብዝታ ታለቅሳለች። አባባና ባርኔጣው ውጭ፣ ከወንዶቹ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ማንም አላናገራቸውም፣ ማንም አላባረራቸውም። ላውንደሪም ሁለት ደንበኞች ልብሳቸውን እኔ እንዳልቀበላቸው ጠይቀዋል አሉ። ይሁን።

ልሄድ ስል ሰፊዋ እጄን ይዛ ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ፊቷ አብጧል። ተቆጥታ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ድሮ ቢሆን ምን ፈልጋ ነው እል ነበር።

«እሱ ከሄደ ጀምሮ በሬን ሳልቀረቅር ነው የተኛሁት» አለችኝ። «ሌሊት ሲመጣ ማንኳኳት ያፍራል ብዬ። ትላንት ቀረቀርኩ።»

እስኪመሽ አጠገቧ ተቀመጥኩ።