አቶ ኤልዶን ስካርስቴድ ያልተቀበሉት አደራ

አቶ ኤልዶን ስካርስቴድ ከአባታቸው ከአቶ ኒልስ ስካርስቴድና ከእናታቸው ከወ/ሮ አግነስ ሞ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1947 በሞንታና ግዛት ከድራይ ፎርክ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የቤተሰቡ የስንዴ እርሻ ተወለዱ። በዚያ ዓመት በረዶው አጥሩን አልፎ ስለነበር አዋላጇ የመጡት በትራክተር ነው ይባላል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሁሉም ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር በሚማርበት የገጠር ትምህርት ቤት ገቡ። ከጎረቤት እርሻ ከመጡት ከሮይስ ታንዲ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። ሁለቱ በአንድ ፈረስ ተፈናጥጠው ይሄዱ ነበር፤ ፈረሱ የታንዲዎች፣ ምሳው የስካርስቴዶች ነበር። አቶ ኤልዶን ሁለተኛ ደረጃን በ1965 አጠናቀው በቀጣዩ ዓመት ለውትድርና ተጠሩ፤ ሁለት ዓመት በጀርመን አገር የጦር ክፍላቸውን ጠመንጃ ሲጠግኑ ቆዩ። ሲመለሱም ኮሎራዶ ሄደው በሙያው ሠለጠኑና በ1973 በድራይ ፎርክ ዋና መንገድ ላይ የጠመንጃ መሸጫና መጠገኛ ሱቃቸውን ከፈቱ። በ1974 ከወ/ሮ ማርዲስ ሉንዴ ጋር ጋብቻ መሥርተው ካሪንንና ሎሪን ወልደዋል። ወ/ሮ ማርዲስ በ2016 ካረፉ በኋላ የአቶ ኤልዶን ታናሽ እህት ቨርና፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው፣ በሱቁ ታግዛቸው ነበር።

የስንዴ ዋጋ ወድቆ ባንክ እርሻ በሚወስድበት በ1983 አንዲት የጎረቤት ሴት የባሏን ጠመንጃ በአንሶላ ጠቅልላ መጣች። “ልቡ እስኪመለስ እርስዎ ጋ ይቀመጥ” አለች። አቶ ኤልዶን ተቀብለው በኋላ ክፍል ባለው ካዝና ቆለፉበት። ከዚያ ወዲህ ሐሳብ የጠናበት ሰው በሕይወቱ ላይ እንዳይጨክን ራሱ ወይም ቤተሰቡ ጠመንጃውን እሳቸው ዘንድ ማስቀመጥ የወረዳው ልማድ ሆነ። ስም አይጻፍም። ከጠመንጃው በምትንጠለጠለው ካርቶን ላይ ቤተሰቡ ከብቱን በጋለ ብረት የሚተኩስበት ምልክት ብቻ ይሣላል፤ እንግዳ ቢያየው ምንም አይገባውም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እንዲሉ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ አንዱንም ለወሬ አሳልፈው አልሰጡም።

ደስ የሚያሰኘው ታሪክ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለቤተሰቡ ምንኛ በቀለለ።

በ2019 መኸር፣ የጦር መሣሪያ ንግድን ከሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አንዲት ተቆጣጣሪ መጥተው በካዝናው ውስጥ ከመዝገብ ውጭ የሆኑ አሥራ አንድ ጠመንጃዎች አገኙ። ጨዋ ሴት ነበሩ። “አቶ ስካርስቴድ፣ የከብት ምልክት ስም አይደለም” አሏቸው። “መሥሪያ ቤቱ አዲስ መመሪያ አውጥቷል። በአደራ ያደረም ቢሆን የባለቤቱ ስም ይመዝገብ፤ ሲመለስለትም የወንጀል ታሪኩ እንደ ገዢ ይጣራ።”

አቶ ኤልዶን ፊታቸው ቀላ። “እመቤቴ፣ ስም ከጻፍኩ ማንም አይመጣም። ካልመጣ ደግሞ ምን እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው።”

መመሪያው እንዲሻር በመሥሪያ ቤቱ ላይ ክስ ሲመሠርቱ ሐሳባቸው ንጹሕ ነበር፤ ይህን ቨርና ትመሰክራለች። ከዋና ከተማው የመጡት ጠበቃ ግን ነገሩን ከፍ አደረጉት። “ጥያቄው የጠመንጃ አይደለም” ይሉ ነበር። “ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ስለሚገዛና ስለሚሸጥ እንጂ ስለ አደራ አይናገርም። ታዲያ ሕግ የሚያወጣው ማነው? ምክር ቤቱ ወይስ የቢሮ ጸሐፊ?” ይህ በሬዲዮ ተነገረ፤ ከሌላ ግዛት ሳይቀር የማያውቋቸው ሰዎች እየመጡ እጃቸውን ጨበጧቸው። ሲጨበጨብለት የማይወድ የለም፤ አቶ ኤልዶንም ወደዱት።

ጠበቃው አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር። “ጉዳያችን የቆመው ‘ስም ከተጻፈ ሰው አይመጣም’ በሚለው ነው። እስኪፈረድ ድረስ በመዝገብም ሆነ ያለ መዝገብ አንድም ጠመንጃ እንዳይቀበሉ።”

ማርች 2 ቀን 2021 አቶ ሮይስ ታንዲ ጠመንጃቸውን በፈረስ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ሱቁ ገቡ። ጀርባቸውን ታመው እንቅልፍ ካጡ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር፤ ከስተዋል።

“በቴሌቪዥን አየሁህ” አሉ። “ያን ኮት ከየት አመጣኸው? ለቀብርህ የሰፉልህ መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ!”

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አቶ ሮይስ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። “በጎቹ እስኪወልዱ ያዝልኝ። ሰሞኑን ቤት ባይሆን ይሻላል።”

“አሁን አልችልም ሮይስ። ጠበቃው ከልክሎኛል።”

“ታዲያ መዝገብህ ላይ ጻፈዋ! ስሜን ጻፈው፣ ከማን ልደበቅ? አገር የሚያውቀኝን።”

መዝገቡ እጃቸው ሥር ነበር። አቶ ኤልዶን አዩት፣ አልገለጡትም። አንድ ሰው ስሜን ጻፍ ካለ ክሱ እግር እንደሌለው ገብቷቸዋል። “እሱ ነው የማይሆነው” አሉ። “በጋ ላይ ይፈረዳል ይላሉ። ያኔ አምጣው።”

“እሺ፣ ከመንግሥት ጋር ስትታረቁ ጥራኝ” ብለው አቶ ሮይስ ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ቨርና በክንድ ርቀት ላይ የጥይት ማዘዣ እየሞላች ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ቀና ብላ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እስከ ዛሬም ታፍርበታለች።

በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ ግሌንዳ ገበያ ሄደው ሳለ፣ አቶ ሮይስ በዚያው ጠመንጃ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ አቶ ኤልዶን ነበሩ።

በሜይ ወር ለፍርድ ቤቱ ቃለ መሐላ ሰጡ። “ስሜ ይመዝገብ ብሎ ጠመንጃ ያመጣልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም” አሉና ፈረሙ። መኪናውን እየነዳች የወሰደቻቸውም የመለሰቻቸውም ቨርና ናት። መቶ ማይል ያህል ሲጓዙ ስለ አየሩ ብቻ ነው ያወሩት።

ነገሩ ከይግባኝ ይግባኝ ተጓትቶ በጃንዋሪ 2023 ሦስት ዳኞች መሥሪያ ቤቱ ከተሰጠው ሥልጣን አልፏል ብለው መመሪያውን ሻሩት። ያ የመሐላ ቃል በፍርዱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። ፍርዱ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ቤተሰቡ ለሕግ አዋቂዎች ይተዋል፤ ምናልባት ያለዚያ ቃልም ይረቱ ነበር። በእሳት አደጋ ብርጌዱ አዳራሽ እራት ተደረገ። ወ/ሮ ግሌንዳ ተሰልፈው የአቶ ኤልዶንን እጅ ጨበጡና፣ “ሮይስ ቢኖር ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጭብልህ ነበር” አሏቸው። አቶ ኤልዶን የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አደራ ይዞ የመጣ ሰው ሲኖር የምትቀበለው ቨርና ነበረች፤ እሳቸው በጓሮ በር ይወጣሉ። ለአደራ የተፈረደላቸው ሰው አደራ ለመቀበል አፈሩ።

በ2024 ጸደይ የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ሲደክሙ እህታቸውን ጠርተው፣ “የሕይወት ታሪኬን ስትጽፊ ያሸነፍኩትን ብቻ እንዳትጽፊ። የሮይስንም ጻፊ” አሏት።

“ለምን ራስህ ለግሌንዳ አትነግራትም? ስልኩ ይኸው” አለችና ደወለችላቸው። አቶ ኤልዶን ስልኩን ይዘው ወ/ሮ ግሌንዳን ዝናብ ጣለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ድርቆሹ ገባ ወይ ብለውም ጠየቁ፤ ከዚያ ደህና ይሁኑ ብለው ዘጉት። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኦክቶበር 11 ቀን 2024 በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወ/ሮ ግሌንዳ ይህን መጀመሪያ በሰው ፊት እንዳይሰሙት፣ ቨርና ባለፈው ሰኞ ጽሑፉን ይዛ ቤታቸው ሄደች። ወ/ሮ ግሌንዳ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

“ስሜን ጻፈው አለ? በአፉ?”

“አዎ። እዚያው ነበርኩ።”

ወ/ሮ ግሌንዳ መነጽራቸውን አወለቁ። “ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ፣ ለማንም ሳይናገር ሄደ፣ እኔንም አላመነኝም እያልኩ ስቀየመው ነበር። ተናግሯል ማለት ነው። እርዳታ ጠይቋል።” ጽሑፉንም መልሰው ሰጧትና፣ “አንብቢው” አሉ። “ይቅርታውን ግን ዛሬ አትጠይቂኝ።”

አቶ ኤልዶን የሁለት ሴት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ካሪንና ሎሪ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸው ቨርናም በሐዘን ላይ ናቸው። ወ/ሮ ግሌንዳ ታንዲም ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ቤተሰቡ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

ጌታ ሆይ፣ ኤልዶንን እንደ ሥራቸው ሳይሆን እንደ ምሕረትህ ተቀበላቸው። የሮይስን ነፍስ ግን አስቀድምልን።